የዕቃ ቤቱ መጋረጃ

ሰው በዓይኑ ያያል ያለውን ሰው ባገኘው እሟገተው ነበር። እኛ የምናየው በልማዳችን ነው። ናዝሬት ቤቴ የነበረው የግድግዳ ሰዓት ተበላሽቶ ከወረደ ስንት ዘመኑ! እኔ ግን ዛሬም ሰዓት ማወቅ ስፈልግ ቀና ብዬ ባዶውን ምስማር አያለሁ። እናንተም ሳታደርጉት አትቀሩም፤ ብቻ አታወሩትም።

ይህን ያስተማረችኝ ዝዋይ ያለች አንዲት ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ናት። ዘመኑ የደርግ ነው። የሥዕል አስተማሪ ስለነበርኩ፣ በዕቃ ቤቷ ያለውን ትንሽ ሙዚየም «ከአብዮቱ ጋር እንዲራመድ» አድርገህ አደራጅ ተባልኩ። እምቢ ይባላል? አይባልም። ሥራውን የሚመራው ካድሬ፣ ጓድ በቀለ፣ ዘውዶቹንና ባለ ወርቅ ጥልፍ ካባዎቹን «የብዝበዛ ዘመን» ከሚል ጽሑፍ ሥር አስደረደረኝ። እሱስ ይሁን። ቀጥሎ የማርያምን ሥዕል ከዋናው ግድግዳ አስወርዶ የሊቀመንበሩን ፎቶግራፍ አሰቀለበት! የዕቃ ቤቱ ጠባቂ አባ ወልደ ጊዮርጊስ ግን አንድ ነገር ብቻ ለመኑ።

«ልጄ፣ እዚህ ቤት ሥዕል ያለ መጋረጃ አይሰቀልም። መጋረጃውን እንኳ ተዉልን።»

ጓድ በቀለ ፊቱ በራ። ለምረቃው የሚመጡት ሻለቃ መጋረጃውን ገልጠው ይመርቁታላ! የመረጠው ቀን የማርያም ዕለት መሆኑን ግን ማን ይንገረው?

ሻለቃው አጃቢዎቻቸውን አስከትለው ሲገቡ፣ ልጃቸው ዘምቶ ደብዛው የጠፋባቸው አንዲት የመቂ እናት መጋረጃው ሥር ተንበርክከው፣ ጨርቁን እየሳሙ ያለቅሳሉ። ሻለቃው የሰፊው ሕዝብ ፍቅር መሰላቸው። በፈገግታ መጋረጃውን ሳብ አደረጉት።

እናትየው ቀና አሉ።

«ውይ ድንግል! ምን አደረጉሽ?»

አንዱ ታጣቂ ወደ ሴትዮዋ ተራመደ። ማጨብጨብ የጀመረው ጓድ በቀለ እጁ አየር ላይ ቀረ። ሻለቃው ሴትዮዋን አዩ፤ ፎቶግራፉን አዩ፤ ጣሪያውንም አዩ።

«ተዋቸው፤ እናት ናቸው» አሉት ታጣቂውን። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «መጋረጃውን መልሱት። ያለ እኔ ፈቃድ ማንም እንዳይነካው» አሉ።

ከዓመት በኋላ ብመለስ እናቶች ያንኑ መጋረጃ እየተሳለሙ ያለቅሳሉ። የመቂዋ እናትም አሉበት፤ ልጃቸው አልተመለሰም። ሰው ሲወጣ ጠብቄ አባን «ከጀርባው ፎቶግራፍ እያለ ሲሳለሙት ማየታችን ኃጢአት አይሆንብንም?» አልኳቸው። ግራ ቀኝ አይተው ጫፉን ገለጥ አደረጉልኝ።

ማርያም! ልጇን ታቅፋ ቁጭ ብላለች።

«አባ! ቢያዩዎትስ?»

«ሻለቃው እኮ ማንም እንዳይነካው ብለዋል። ማን ደፍሮ ይገልጣል?»

«ሊቀመንበሩስ?»

«ከኋላዋ ናቸው» አሉ መጋረጃውን እየመለሱ። «እሳቸውም ቢሆኑ ጠባቂ ሳያስፈልጋቸው አይቀርም።»