አያ ይመር መወልወል የተዉት መስታወት

«የተማረ ይግደለኝ» ያለው ሰው የተማረ ዘመድ ያልነበረው መሆን አለበት። እኛ የተማርን ሰዎች፣ መቼም ታውቁናላችሁ፣ የተጠየቅነውን ትተን ያጠናነውን ነው የምንመልሰው። ሰውም አክባሪ ነውና ያልገባውን ይበልጥ ያምናል።

እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ሁለት ዓመት የሠራሁት አንድ ነገር ነበር፤ አየሩ ተመጦ በወጣለት ዕቃ ውስጥ ማዕድን በሌዘር ጨረር እያተነንኩ ብናኙን መስታወት ላይ ማሳረፍ። ብናኙ ስስ ሽፋን ይሆንና ፀሐይ ሲያገኝ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ከተሳካ ነው ታዲያ! አንዲት የአቧራ ቅንጣት መስታወቱ ላይ ከተገኘች ድካሜ ገደል ይገባል፤ ስለዚህ ግማሹን ቀን መስታወት ሳጥብ እውል ነበር።

ለዕረፍት ከሚሴ ስመጣ ጨፋ አጎቴ ዘንድ ወረድኩ። አያ ይመር ከባቲ ገበያ የፀሐይ ሰሌዳ ገዝተው ጣራቸው ላይ ሰቅለዋል። ስልካቸውን የሚሞሉት በሱ ነው፤ ጅዳ ያለችው ልጃቸው ሀዋ ጁምዓ ጁምዓ ትደውልላቸዋለች።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይኸ ነገር እንዴት ሁኖ ነው ሚሠራ?» አሉኝ።

አፌን ሞልቼ አስተማርኳቸው። ሥራው ሁሉ የስሷ ሽፋን ነው፣ ከፀጉር እጅግ ትቀጥናለች፣ ጥፍር ቢነካት ትላጣለች አልኩ። የማወራው ስለ ራሴዋ ሽፋን ነበር። የሳቸው ሰሌዳ ሌላ ዓይነት መሆኑን፣ ወፍራም መስታወት እንደለበሰም መናገር ረሳሁ። «ሱብሓነላህ!» ብለው ሲደነቁ ደስ አለኝ።

ከስድስት ወር በኋላ፣ በጁምዓ ቀን፣ ተመልሼ ስሄድ ሰሌዳው በአቧራ ተሸፍኖ ከጣራው ቆርቆሮ አይለይም። ቀድሞ በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ ይወለውሉት ነበር፤ ያች ስስ ነገር እንዳትላጥ ብለው ተዉት። ስልኩ ሞተ። በገበያ ቀን ከሚሴ ወስደው ቢያስሞሉትም ጁምዓ ሳይደርስ ይጠፋል። ሀዋ ደግሞ ባል አግኝታ፣ ለኒካሁ የአባቷን ፈቃድ ፈልጋ ስትደውል ከርማ አጣቻቸው። በመጨረሻ ሌላ ሰው በአባቷ ቦታ ቆሞ ዳራት። ወሬውን ያመጣችው ከጅዳ የተመለሰች የጎረቤት ልጅ ናት።

«አንድ ልጄን የዳረልኝ የማላውቀው ሰው ነው» አሉኝ።

ጣራው ላይ ወጥቼ በነጠላዬ ወለወልኩት። ስልኩ ነፍስ ሲዘራ ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኳቸው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። «ቀደር ነው፤ አላህ የጻፈው» አሉ።

ከዙህር ሶላት በኋላ ሀዋ ደወለች። «አባ፣ ምነው አጣሁህ?» ስትል ለኔም ይሰማል። አያ ይመር ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «ሰሌዳው ተበላሽቶ ነው፣ ልጄ» አሏት።

አቋርጬ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ሳልጠየቅ ስንት ነገር የምለፈልፍ ሰውዬ፣ ዝም አልኩ።