አያ ሙላቴና የማርሻሎው የቤንዚን ጋን

በየሰፈሩ «አላውቅም» ማለት የማይችል አንድ ሰው አይጠፋም። እግዜር ሲሠራው ቋንቋውን ሁሉ አስታጥቆ ያችን አንዲት ቃል ብቻ ነፍጎታል። መንገድ ብትጠይቁት እግሩ ያልረገጠውን አገር ያሳያችኋል። ራሴን አመመኝ ብትሉት ቅጠል ይበጥስላችኋል፤ ሆዴን ነው ብትሉትም ያንኑ ቅጠል። እናንተም ሰፈር አለ፣ ይኸው አሁን ፊቱ ድቅን ብሎባችኋል። ግን ከኔ ጋር ባትፎካከሩ ይሻላል። እኔ የሁሉን አዋቂዎች አውራ፣ የደብረ ታቦሩን ሊቀ ሊቃውንት፣ አያ ሙላቴን ጎረቤት አድርጌ ኖሬያለሁ።

አያ ሙላቴ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጢማቸውን በቅቤ የሚያሾሉ ሰው ነበሩ። ጥቂት ያርሳሉ፣ ጥቂት ይነግዳሉ፣ የተረፈውን ቀን ሲመክሩ ይውላሉ። ችግር የገጠመው ሰው ሲያዩ ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ወርወር ያደርጉና «ይቺማ ምን አላት!» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ችግሩ ሁለት ይሆናል።

አንድ ጊዜ ከሐሙሲት ገበያ ሆዷ የተነፋ በቅሎ ገዝተው መጡ። ትንሽ ሰንብተው «አርግዛለች» አሉ። «ኧረ አያ፣ በቅሎ መቼ ወልዳ ታውቃለች?» ብንላቸው ከልባቸው አዘኑልን። «እናንተ የምታውቁት ተራውን በቅሎ ነው» አሉ። ሚስታቸው ጌጤ፣ የልብ ጓደኛዬ ነበረች፣ በቅሎዋን ዞራ ዞራ አየቻትና «እንግዲያውስ ለአራሷ የገንፎ እህል ላስፈጭ?» አለቻቸው። በቅሎዋ የበላችው ሣር ነፍቷት ኖሮ ሲወጣላት እርግዝናውም አብሮ ወጣ።

አውሮፕላን መጀመሪያ በከተማችን ላይ ሲያልፍ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ እየተንጫጫ ጫካ ሲገባ፣ እሳቸው ደጃፋቸው ላይ ቆመው ወደ ሰማይ እየጠቆሙ ያስረዱ ነበር። «ክንፉን የማያራግበው ሆዱ ውስጥ ወናፍ ስላለ ነው!» ጌጤ አልጋ ሥር ተጋድማ «አንቱ ሰውዬ፣ ይግቡና ከዚህ ሆነው ያስረዱኝ!» ትላለች። እኒህ ሰው ናቸው እንግዲህ የባሌ ነፍስ እጃቸው ላይ የወደቀችው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጣልያን ጊዜ እዚያ ጣልያኖቹ ምሽግ ውስጥ ፊቱ ቀይ፣ ቁጣው ቅርብ የሆነ፣ ማርሻሎ የሚሉት ማዕረግ ያለው አንድ ሹም ነበር። አንድ ሞተር ብስክሌት ነበረው፤ ከወለደችው እናቱ አብልጦ ይወደው ነበር መሰለኝ። ባሌ ደሳለኝ የዚያ ሞተር አጣቢ ነበር። ወዶ አይደለም፤ ድንጋይ ሲፈልጥ ከሚደፋ ሞተር ማጠብ ይሻላል ብሎ ነው። ክረምቱን ሞተሩ ዳስ ሥር ቆሞ ከረመ። መስከረም ሲጠባ ማርሻሎው ሊያስነሳው ቢል ወይ ፍንክች! የቤንዚን መያዣውን ክዳን ከፍቶ ቢያይ ውስጡ በዝገት ቀይ ጭቃ መስሏል። ጣልያኖቹ ለመያዣው የራሳቸው ስም አላቸው፤ እኛ የቤንዚን ጋን ነበር የምንለው።

ማርሻሎው ወዲያው ደሳለኝን አሳሰረው። «አንድ ነገር ጨምሮበት ነው፣ ይኼ የሽፍቶች ሥራ ነው» አለ። በዚያን ዘመን ጣልያኖቹ ሽፍታ የሚሉት አርበኞቻችንን ነው፤ እንዲህ የተባለ ሰው መጨረሻው ገበያ መሀል ገመድ ነበር። ምሽጉ በር ላይ ሄጄ መሬት ላይ ተንከባልዬ አለቀስሁ። አስተርጓሚው ወጥቶ «ጋኑ ዝጓል፣ መካኒኩ ጎንደር ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ማርሻሎውም ተናዷል፤ ምን ላድርግሽ?» አለኝ። ይኼኔ ከኋላዬ የማውቀው ድምፅ መጣ።

«ዝገት ነው? ይቺማ ምን አላት!»

በቃ፣ ደሳለኝን ከገመድ በፊት ምክር ሊገድለው ነው አልሁ።

ማርሻሎው አያ ሙላቴን አስጠርቶ ከእግር እስከ ራስ አያቸው። ከተማው ሁሉ «አዋቂ ናቸው» እንደሚል አስተርጓሚው ነገረው፤ በምን ዓይነት ሳቅ እንደሚል ግን አልነገረውም። «እንግዲያው ጋኑን አጥቦ ያምጣልኝ» አለ ማርሻሎው። «ምን እንዳዛገውም መርምሮ ይንገረኝ። ካወቀ የሞተርና የመኪና ጠባቂዎች አለቃ አደርገዋለሁ፣ ቆብ እሰጠዋለሁ። የእስረኛው ነገር በሱ ቃል ያልቃል።» ቆብ ሲባል የአያ ሙላቴ ዓይን በራ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አዋቂነታቸውን ሳይስቅ የሚመሰክርላቸው ሰው ሲጠብቁ ኖረዋል። ምስክሩ ጣልያን መሆኑን እንኳ ያኔ ያሰቡት አይመስለኝም።

ጋኑን በነጠላ ጠቅልለው ቤቴ ይዘውት ገቡ። ጌጤም ተከትላ መጣች። እኔ ጠላ ሻጭ ነበርሁ።

«አንቺ ጥሩወርቅ፣ እንስራሽን በምን ታጥቢያለሽ?»

«በግራዋና በጠጠር ነዋ፣ አያ።»

«በቃ! ጋን ጋን ነው። ይቺማ ምን አላት!»

ጌጤ ግራዋ ልትቆርጥ ጓሮ ወጣች። እሳቸው በመጀመሪያ ውስጡ የቀረውን ቀይ ውሃ ገበቴ ላይ ገለበጡት። አያ ሙላቴ ሳይቀምሱ አይፈርዱም፤ የታመመ በሬ ሽንት ሲቀምሱ በዓይኔ አይቻለሁ። ጣታቸውን ነከሩና ላሱ። ከዚያ ዝም አሉ። አያ ሙላቴ! ዝም! እኔም ደንግጬ ጣቴን ነክሬ ላስሁ።

ጨው ነው።

ዓይኔ መደብ ላይ ወዳለው አሞሌዬ ሄደ። ክረምት ሲገባ ግማሹ ጠፍቶብኝ ደሳለኝን ብጠይቀው ስቆ ዝም ብሎኝ ነበር። አሁን ገባኝ። ወንድሙ ማሩ ጉና ተራራ ላይ ከአርበኞች ጋር ነው፤ ማርሻሎው ደግሞ «መስከረም ይጥባ እንጂ በሞተሬ አሳድጄ እይዛቸዋለሁ» እያለ ሲዝት ነው የከረመው። የኔ ሞኝ፣ አሞሌዬን በጥብጦ ለሞተር አጠጥቶታል።

አያ ሙላቴ አዩኝ፣ ወደ አሞሌውም አዩ። ማወቃቸውን አወቅሁ። «አያ፣ በመድኃኔዓለም…» ብዬ እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ገበቴውን አንስተው ደጅ ደፉትና «ግራዋው የት ደረሰ?» አሉ፤ ሌላ አንድ ቃል አልጨመሩም። እኔን ደግሞ ፍርሃት ገደለኝ። ያ ምላስ እንኳን የሚያውቀውን የማያውቀውንም ሲናገር የኖረ ነው።

ሥራው ተጀመረ። ጋኑ ውስጥ ጠጠር፣ የተቀጠቀጠ ግራዋና አፍ የሚያጨማድድ የኮመጠጠ አተላ ጨመርን። ክዳኑን ጠርቅመን እንደ ወተት መናጫ በገመድ ከማገሩ ላይ አንጠለጠልነው። እኔና ጌጤ ፊትና ኋላ ተቀምጠን እንንጣለን፤ አያ ሙላቴ ቆመው ያዛሉ። «ግፊ! ሳቢ! ኧረ ቅቤው እንዳይበተን!» ጌጤ ላቧን እየጠረገች «ቅቤ ከወጣውማ ለጢምዎ ይሆናል» ትላለች። ደፍተን እንሞላለን፣ ሞልተን እንንጣለን። እያደር ቀዩ ውሃ ቡና ዓይነት ሆነ፣ ቀጥሎ ጠጅ ዓይነት፣ በመጨረሻ የገባው ውሃ እንደገባ ወጣ። እንዲደርቅ ብለን አስተርጓሚው በጠርሙስ በሰጠን ቤንዚን አለቀለቅነው።

ይኸኔ ቢተውት ምን ነበረበት? አያ ሙላቴ አፍንጫቸውን ወደ ጋኑ አስጠጉና ፊታቸውን አኮማተሩ። «ይሸታል» አሉ። «ታጥቦ ያልታጠነ ዕቃ ለሰው አይሰጥም።» እውነታቸውን ነው፤ እኔም ብሆን የጠላ ዕቃዬን አጥቤ በወይራ ሳላጥን ጠላ ጠምቄ አላውቅም፤ አንዳችንም አልተቃወምንም። የወይራ ፍም በገል አቅርበን የጋኑን አፍ ወደ ጭሱ ደፋን።

ድው!

ነበልባሉ ከጋኑ አፍ ወጥቶ ጣሪያ ልሶ ተመለሰ። ጌጤ ደጅ ተገኘች። አያ ሙላቴ ከነበሩበት አልተነቃነቁም፤ ቀኝ ጢማቸው ግን የለም። «ሽታው ጠፋ» አሉ። የፍንዳታውን ድምፅ ሰምቶ ማርሻሎው ከነአስተርጓሚው እየሮጠ መጣ።

ጋኑን አንስቶ በባትሪ ወደ ውስጥ አየ፣ ጣቱን ከቶ ጠረገ፤ ጣቱ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ፊቱ ፈታ አለ። ቆቡን ከኪሱ አውጥቶ በእጁ ያዘና ጥያቄውን ጠየቀ። «እሺ፣ ምንድን ነው ያዛገው?»

ዝናብ ነው ቢሉ «ክዳኑን ማን ከፈተው?» ይከተላል። ቤንዚኑ ነው ቢሉ «ማን ቀዳው?» ይመጣል። ምን ቢያውቁ ዞሮ ዞሮ ደሳለኝ አንገት ላይ ነው የሚያርፈው። አያ ሙላቴ አፋቸውን ከፈቱና መልሰው ዘጉት። ቆቡን አዩት። የቀረችው ጢማቸው ስትንቀጠቀጥ አየኋት።

«አላውቅም» አሉ።

አስተርጓሚው ጆሮውን አላመነም። «ምን አሉ?»

«አላውቅም አልሁህ።»

«እርስዎ?»

«እኔ፣ ሙላቴ። አላውቅም። ዕቃ ማጠብ እንጂ ሌላ የማውቀው የለኝም።»

ጌጤ አፏን በእጇ ያዘች። ማርሻሎው ሲተረጎምለት ከት ብሎ ሳቀ። «ይኼ ነው የከተማው አዋቂ!» አለና ቆቡን መልሶ ኪሱ ከተተ። ሞተሩ ጋኑ ተገጥሞለት ተነሳ። ምክንያቱን የሚያስረዳ ሰው ሲጠፋ ደሳለኝ ተገርፎ ተለቀቀ፤ ጀርባው ቆስሎ፣ ግን በእግሩ እየሄደ ቤቱ ገባ። ማሩና ጓዶቹ እስከዚያ ከጉና ርቀው ሄደዋል።

ለአያ ሙላቴ መከራው ከዚያ ወዲህ ነው። ወሬው በአንድ የገበያ ቀን አንበሳሜ ከተማ ድረስ ደረሰ። ስማቸው «አያ አላውቅም» ሆነ። «አያ፣ ዛሬ ፀሐይ በየት ወጣች?» እያሉ ይስቁባቸዋል። እሳቸው አቀርቅረው ያልፋሉ። ለጌጤ እንኳ አልነገሯትም። በሬ የታመመበት ሌላ ሰው ይጠይቅ ጀመር፤ ሰፈሩም ጭር አለ። እኔ አንጀቴ እያረረ ዝም እላለሁ፤ አፌን ብከፍት ደሳለኝን መግደሌ ነው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ያ የሚያናድደኝ «ይቺማ ምን አላት» ናፈቀኝ።

ጣልያን የወጣ ጊዜ ጠላ ጠመቅሁ። ደሳለኝ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ጠርቶ መሀል ቆመና የአሞሌዋን ነገር ከመጀመሪያው አንስቶ ተናገረ። ጌጤ ታለቅሳለች። ሁሉም ወደ አያ ሙላቴ ዞሮ «ለካስ ጨው መሆኑን ያውቁ ኖሯል?» አላቸው። እሳቸው ቀስ ብለው ተነሡ፣ ጋቢያቸውን ወርወር አደረጉ።

«ይቺማ ምን አላት! ገና ስትሸተኝ ነው ያወቅኋት!»

ከዚያማ ማን ያስቁማቸው! በየሰርጉ፣ በየማኅበሩ፣ በየተዝካሩ አወሩት። ኋላ ኋላ እኮ የአሞሌውን ነጋዴ አገር ሁሉ በጣዕሙ ለይተው ነበር። ደሳለኝ አጠገባቸው ተቀምጦ በእያንዳንዱ ውሸት ላይ «እውነት ነው፣ እሳቸው ያሉት ነው» ይል ነበር።

አያ ሙላቴ ታመው አልጋ ላይ የዋሉ ጊዜ ልጠይቃቸው ሄድሁ። ጌጤ እግራቸውን ታሻለች። «አያ፣ ያን ቀን ያችን ቃል ማለት አልከበደዎትም?» አልኋቸው። ብዙ ጊዜ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ።

«ይቺማ… ምን አላት» አሉ በቀስታ፤ እንባቸው ግን በጉንጫቸው ወረደ።

አሁን እሳቸውም ደሳለኝም የሉም። በቀደም ሰፈራችን አዲስ የገባ አንድ ጎልማሳ ደጄ ተቀምጦ ጠላዬን ቀመሰና፣ ጌሾው እንደበዛ ነገረኝ፣ ጋን እንዴት እንደሚታጠብም ያስረዳኝ ጀመር። ጎረቤቶቼ ሳቃቸውን አፍነው እኔን እኔን ያያሉ። ሌላ ዋንጫ ቀዳሁለትና አጠገቡ ተቀምጬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት።