የተኛው ጡንቻዬ

ሰው የገዛ ጀርባውን አያውቅም። እኔ እንኳ የራሴን ያወቅሁት አምሳ ዓመት ካለፈኝ በኋላ ነው፤ እሱንም ጓደኛዬ ወይንሸት ነግራኝ። ሮም አጠገብ ኦስቲያ የሚባለው የባሕር ዳርቻ ላይ ልብስ ስቀይር ከኋላዬ ቆማ፣ «አንቺ፣ የቀኝ ትከሻሽ አጥንት እንዳልተዘጋ በር ወጥቶ ቀርቷል። ክንፍ ልታወጪ ነው እንዴ?» አለችኝ። ሮም ክንፍ ያለው ሐውልት ሞልቷታል፣ እኔ ምን እጨምርላታለሁ?

ክንዴን ሳነሳ ማመሙን ግን አውቅ ነበር። እንዴት አያምም? ሰባት ዓመት ሙሉ ቤታቸው ተቀጥሬ የማስታምማቸውን አሮጊት፣ ሲኞራ ፍራንካን፣ ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ አልጋ አንስቻለሁ። እሳቸው ደግ ናቸው፤ ክፉው ክብደታቸው ነው። ሦስት ልጆች አሏቸው። ሦስቱም እናታቸውን በጣም ይወዳሉ፣ በስልክ። ታላቁን፣ ሲኞር ማርኮን፣ «ሰው የሚያነሳ ማሽን ይግዙልኝ፣ ትከሻዬ አለቀ» አልኩት። «አሎራ፣ እንግዲያው ትከሻሽ መታመሙን የሚናገር የሐኪም ወረቀት አምጪ፣ እንገዛለን» አለኝ። እዚህ አገር ሕመምም ፔርሜሶ፣ የፈቃድ ወረቀት፣ ይፈልጋል።

ሄድኩ። አንድ ልጅ እግር ፊዚዮቴራፒስታ ጀርባዬ ላይ ሽቦ ለጣጠፈና የጡንቻዎቼን ሥራ በመስመር የሚያሳይ ስክሪን ፊት አቆመኝ። ክንድዎን ያንሱ አለኝ። አነሳሁ። የላይኛው መስመር ዘለለ፣ የታችኛው ግን ለጥ ብሎ ቀረ። ጡንቻዎቹ ተጋግዘው አጥንቱን መያዝ ነበረባቸው አለ፤ የእርስዎ ላይኛው ብቻውን ይለፋል፣ የታችኞቹ ተኝተዋል፣ አጥንቱ የወጣው ለዚህ ነው። ሳቄ መጣ። አንዱ ለፍቶ ሌሎቹ የሚተኙበትን ይህንን ቤት አውቀዋለሁ፤ ሰባት ዓመት ሠርቼበታለሁ።

ወረቀቱ እጄ ሊገባ ምንም አልቀረውም። ዝም ብል ምን ነበረበት? ልጁ ግን ሊያጽናናኝ ብሎ፣ በእርስዎ ዕድሜ ትከሻ መንቀሳቀሱን ይረሳል አለኝ። ለማን ነው የሚናገረው? ጎጃም ተወልጄ፣ ስንቱን ሠርግ ያሞቅኩ ሰው! ደሜ ፈላ። እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ እስክስታውን አስነካሁት። ክንድ ካላነሱ ደግሞ አያምም። ስክሪኑ ላይ የተኛው ሁሉ ተነሳ። ልጁ ባልደረቦቹን ጠራ፣ አጨበጨቡልኝ። እኔ ሞኟ ደገምኩላቸው።

ወረቀቱ ምን ቢል ጥሩ ነው? ጡንቻዎቿ ሁሉ መሥራት ይችላሉ፣ በቀን ሦስት ጊዜ ይህንኑ ጭፈራ ትቀጥል። ሲኞር ማርኮ አንብቦ «ብራቫ» አለኝ። ማሽኑም በዚያው ቀረ። ወይንሸት ነገሩን ስትሰማ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ እኔ በንዴት ሁለት ቀን ስልኳን አላነሳሁም።

አሁን ጠዋት ጠዋት እጨፍራለሁ፣ ሲኞራ አልጋቸው ላይ ሆነው ያጨበጭባሉ፣ ከዚያ አነሳቸዋለሁ። የታችኛው ጡንቻዬ ነቅቷል ተብያለሁ። ሦስቱን ልጆች በየትኛው ጭፈራ እንደምቀሰቅስ ግን ሐኪሙ አልጻፈልኝም።