በእንቅልፍ የተገኘ ማስረጃ

ይህ ታሪክ አንዲት ቃል ሳትጎድል እውነት ነው፤ ከዋሸሁ የምበላው ሽሮ ትን ይበለኝ።

ትናንት በጠራራ ፀሐይ ሕልም አየሁ። ከመተኛቴ በፊት ሲያብሰለስለኝ የነበረው የደብሪቱ ነገር ነው። ደብሪቱ ከእኔ ጋር ዱቄት ፋብሪካ ጆንያ ትሰፋ ነበር፤ ሥራ ላይ አንቀላፋሽ ተብላ ተባረረች። «ሴት ስለሆንኩ ነው» ብላ ከሰሰች። ዳኛው «በምን ታስረጃለሽ?» አሏት። ነገ የመጨረሻ ቀጠሮዋ ነው፤ በእጇ ምንም የለም።

በሕልሜ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ዳኞች ተሰልፈው ባለጉዳይ ይጠብቃሉ። አንዱ ዳኛ ጉልበቴን ስሞ፣ «ጌታዬ፣ ዛሬ እንኳ ይክሰሱልኝ፤ ነገ ና እየተባልኩ ጫማዬ አለቀ» አለኝ። አልፌው ገባሁ። ወንበሩ ላይ መነጽር ያደረገች ፍየል ተቀምጣ መዝገብ ታመነዥካለች። ከሳሹ አለቃችን አቶ ማንደፍሮ ናቸው፣ ጆንያ ለብሰው። ተከሳሿ ደብሪቱ፣ የእሳቸውን ከረባት አስራ።

«ምን ሆንክ?» አለች ፍየሏ አቶ ማንደፍሮን።

«ተኛህ ተብዬ ተባረርኩ፣ ክብርት ዳኛ። ወንድ ስለሆንኩ ነው።»

«ወንድ ልጅ እንቅልፍ ካማረው ቤቱ ይተኛ» አለች ደብሪቱ። አቶ ማንደፍሮም በእውን ሲያባርሯት «ሴት ልጅ» ብለው ያሏት ይህንኑ ነበር።

«በምን ታስረዳለህ?»

አቶ ማንደፍሮ አለቀሱ። ዕንባቸው ጢማቸው ላይ ያለውን ዱቄት ሊጥ አደረገው።

«አንተ ጅል» አለች ፍየሏ አዝና፣ «እንዳንተው ሥራ ላይ ተኝታ ያልተባረረች ሴት የለችም? እሷን አምጣልኝ።»

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ዝቅ ብዬ ራሴን ባይ ቀሚስ ለብሻለሁ።

«ያቺውልዎት» አሉ አቶ ማንደፍሮ።

ፍየሏ ቀንዷን ሰብቃ፣ «ትናገሪያለሽ ወይስ ልውጋሽ?» ስትለኝ ብንን አልኩ።

የባነንኩት እዚያው ፋብሪካ፣ የጆንያ ክምር ላይ ነው፤ በሥራ ሰዓት። አቶ ማንደፍሮ ራስጌዬ ቆመዋል። አለቀልኝ አልኩ። እሳቸው ግን የገዛ ጋቢያቸውን ደረቡልኝ።

«ተኛ፣ ጓንጉል። ወንድ ልጅ ደክሞት ነው የሚተኛው» አሉኝ፤ ጆንያ ሰፊዎቹ ሁሉ እየሰሙ።

ማታ ለደብሪቱ ነገርኳት።

«ብትመሰክርልኝ አንተንም ያባርሩሃል፣ አንተ ሰው» አለች።

«ቤቴ እተኛለኋ።»

ሳቀች፤ ከተባረረች ወዲህ ስትስቅ ሳያት የመጀመሪያዬ ነው።

እሺ፣ አንድ ነገር ከራሴ ጨምሬያለሁ፤ ፍየሏ መነጽር አላደረገችም። ጋቢው ግን ይኸው፣ ነገ ለብሼው ችሎት እገባለሁ።