ጥርት ብሎ የተሰማው የሠርግ ቅጂ

ድምፅ የማጥራት አባዜ የተጠናወተው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የከዚራ ሰፈር ጎረቤቴ ጀማል እንዲያ ነው። በኮምፒውተር ውስጥ ያለውን ዘፈን ወደ ጥሩ ድምፅ የሚቀይር ሳጥን በገዛ እጁ ሠርቶ፣ በየሳምንቱ አንዱን ዕቃ እየነቀለ የተሻለ ይበይድበታል።

ባለፈው እሑድ “ና አቦ! አሁን ትንፋሽ ሳይቀር ይሰማል!” ብሎ ጠራኝና ከድሮ ካሴት የገለበጠውን የራሱን ሠርግ ቅጂ ከፈተልኝ። እውነትም ከከበሮው ጀርባ ሙሽራዋ ለእህቷ ስታንሾካሹክ ጥርት ብሎ ተሰማ፦ “እኔ እኮ የምፈልገው ወንድሙን ነበር።”

ክው አልኩ! ጀማልም ድምፁን ለመቀነስ ወደ ሳጥኑ ተጣደፈ። ሚስቱ ፋጡማ ግን ከጓዳ ብቅ አለችና፣

“ይሄን ለመስማት ነው እንዴ ያን ሁሉ ሽቦ ስትበይድ የከረምከው? ብትጠይቀኝ እኮ እነግርህ ነበር!” አለችው።