ሲም እምቢ ያለው ስልኬ

ከባሕር ማዶ የመጣ ዕቃ ሁሉ ይበጃል ብሎ ያሳመነንን ሰው ባገኘው፣ ሽማግሌ ሳልልክ ራሴ ሄጄ እጣላው ነበር። እስቲ ዙሪያችሁን ተመልከቱ። አንዱ ከውጭ የተላከለትን ሱሪ እግሩን ደጋግሞ አጥፎ ይለብሳል። የሌላዋ ካውያ ሶኬቱ ከእኛ ግድግዳ ጋር አልስማማ ብሎ ቡፌ ላይ ለጌጥ ተቀምጧል። ታዲያ «አልሆነኝም» የሚል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አትሰሙም! «ከውጭ እኮ ነው የመጣው» ይላችኋል። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም። እኔም ብያለሁ፤ ተቀጥቼበታለሁም።

የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ትውልዴ መንዝ፣ ምደባዬ ወረታ። ወረታ የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚለያዩባት ከተማ ስለሆነች የጭነት መኪናውም፣ ነጋዴውም፣ ተሿሚውም ያልፍባታል፤ እኔም ዝውውር እስኪመጣልኝ ብዬ ነበር የገባሁት። ያስቀረችኝ ብርቱካን ናት። ብርቱካን የወረዳው የግብርና ባለሙያ ነበረች፤ ገበሬውን ስለ ሩዝ የምታስተምረው እሷም እስከ ጉልበቷ ጭቃ ውስጥ ገብታ ነው። መጀመሪያ ያየኋት ከማሳ ስትመለስ ነው። ቦት ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ፣ በጭቃዋ ምክንያት አልጭንም ያላትን ባለባጃጅ ልክ ልኩን ስትነግረው ደረስኩ። ወደድኳት። ይህን ያለ ቀልድ ነው የምናገረው፤ ወደድኳት። እሷም አልጠላችኝም። ግን የይፋግ ልጅ ናት፤ «እኔ ካባቴ ቃል አልወጣም፤ የምትፈልገኝ ከሆነ ሽማግሌ ላክ» አለችኝ።

ሽማግሌ ላክ! ቀላል ነገር አስመስላ! ከመንዝ ይፋግ ድረስ ሽማግሌ በምን ይመጣል? እንደኔ ያለ የመንግሥት ሠራተኛ ቤቱንም፣ ፍራሹንም፣ ሽማግሌውንም የሚያገኘው ከተመደበበት አገር ነው። ስለዚህ አከራዬን አያ ሞላን ለመንኳቸው። እግዜር ይስጣቸውና አንድ ቄስና አንድ ጎረቤታቸውን አስከትለው ሄዱልኝ። የብርቱካን አባት እንደ ወጉ በመጀመሪያው ቀን እሺም እምቢም አላሉም። ከዘመድ ልምከርበት፣ ለሚመጣው እሑድ ተመለሱ ብለው ሸኟቸው።

አያ ሞላ ፊታቸው በርቶ ተመለሱ። እምቢ የሚል ሰው ያኔውኑ ይላል፣ የቀረው ዘር መቁጠር ብቻ ነው አሉኝ። መቼም በዚህ አገር ሁለት ሰው ከመጋባቱ በፊት እስከ ሰባት ቤት አያት ቅድመ አያት ይቆጠራል፤ የሥጋ ዘመድ ሆነው እንዳይገኙ ነው። «መንዝና ይፋግ ደግሞ በምን ይዛመዳሉ?» እንዳትሉኝ። አባት ይጠይቃል፣ ሽማግሌ ይቆጥራል፤ ወጉ ይኸው ነው። የኔ ሽማግሌ ግን የተውሶ ስለሆኑ ከዘሬ ሁሉ የሚያውቁት እኔን ብቻ ነው። ላስጠናቸው ብሞክር የእናቴን አባት ካባቴ አያት ጋር እየቀላቀሉ፣ በመካከሉ የራሳቸውን አጎት እየጨመሩ አስቸገሩኝ። እኔ ተማሪ ጥያለሁ፤ አያ ሞላን ግን መጣል አልችልም። በመጨረሻ ዘዴውን ራሳቸው አመጡት። «አንተየ፣ አንተ ከደጁ ብትደርስ ነውር ነው። ስልክ ቢኖረኝ ግን፣ እነሱ ሲጠይቁኝ እዚያው ደውዬ አንተኑ አስቆጥርህ ነበር» አሉኝ።

ስልክ? ምን ገዶኝ! ልክ በዚያ ሰሞን የአክስቴ ልጅ ከባሕር ማዶ ስልክ ልካልኛለች። የዚያን ስልክ ምግባር ልዘርዝርላችሁ ብል ይመሽብናል። በጣት ጫፍ ሲነኩት ይታዘዛል። ፎቶ ሲያነሳ ርዕሰ መምህራችንን ሳይቀር መልከ መልካም ያደርጋል። ኮምፓስ አለው። ስንት ዘመን ሰሜንና ደቡብን በጠመኔ እየሳልኩ ያስተማርኩ ሰው፣ ሰሜን ከኪሴ ሲወጣ ዕንባዬ ሊመጣ ነበር። ዘመኑ አንድ ለአምስት የምንደራጅበት ዘመን ነው፤ ስልኩን በስብሰባችን ላይ ባወጣው አጀንዳው ቀርቶ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ዋለ። ሰብሳቢያችንም ውሎውን በሪፖርቱ ላይ «የቴክኖሎጂ ሽግግር ተካሂዷል» ብሎ አሳለፈው።

አንድ ነገር ብቻ አልሞከርኩበትም። ደውዬበት አላውቅም። ለካ የዚያ ስልክ ሲም ትንሽ ነው፤ የኔ ተቆርጦ ነው የሚገባው። መቁረጫው ያለው ባለሞባይል ጥገና ደግሞ ዕቃ ሊያመጣ ባሕር ዳር ሄዶ ለእሑድ ነው የሚመለሰው። ይሁና! እሑድም የሽማግሌው ቀን ነው፤ ጠዋት አስቆርጬ፣ አስገብቼ፣ ዘሬን በስልክ መቁጠር ነው ብዬ ተዝናናሁ።

እሑድ ጠዋት አሮጌዋን ስልኬን፣ ያችን መብራት ያላትን፣ ከእጅ ብትወድቅ ወለሉን የምትሰነጥቀውን፣ አዲስ ሲም ከትቼ ለአያ ሞላ በክብር አስረከብኩ። እሳቸው ወደ ይፋግ፣ እኔ ወደ ጥገና ቤቱ። ባለጥገናው ሲሜን በመቁረጫው ቀጨም አድርጎ ከርክሞ ከተተልኝ። ስልኩ ጥቂት አሰበ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ በጨዋ ደንብ፣ ይህን ሲም አልቀበልም አለ።

እንዴት አይቀበልም? ባለጥገናው ገልብጦ አየውና «ይኸማ ተቆልፏል» አለ። የመክፈቻ ቁጥሩን ልነግረው ስጣደፍ እጁን አወዛወዘብኝ። ነገሩ ሌላ ኖሯል። በውጭ አገር የስልክ ድርጅቶች ስልኩን በርካሽ ይሰጡና ደንበኛው የውሉን ዘመን እስኪጨርስ የሌላ ድርጅት ሲም እንዳይቀበል አድርገው ይቆልፉታል አለኝ። የአክስቴ ልጅ ውሏ ገና ነው። ስለዚህ ያ ሁሉ ምግባር፣ ፎቶው፣ ኮምፓሱ፣ ብርሃኑ፣ እዚህ ወረታ ላይ ለአንዲት «ሃሎ» አይበቃም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸ ነው፤ ያውም ላም በሞላበት በፎገራ ሜዳ! እኛ አገር እኮ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ድርጅቱ አንድ ብቻ ሆኖ ማን ከማን ይቆልፋል? በረቱ አንድ ከሆነ ላሟ ብትፈታስ የት ትሄዳለች?

በሉ እንግዲህ መላ አምጡ። ሲሙን በሰው ስልክ ከትቼ ልጠብቅ? ተቆርጧል። ባለጥገናው በፕላስተር ለጥፎ ሞከረልኝ፤ አልነበብም አለ። በሰው ስልክ አያ ሞላ ዘንድ ልደውል? ቁጥራቸው የተመዘገበው እዚያው በተከረከመው ሲም ላይ ነው። የብርቱካንም ቁጥር እዚያው ነው። ሞባይል ከመጣ ወዲህ የሰው ቁጥር በቃሉ የሚይዝ ማን አለ? የቢሮ ጓደኞቿን እንዳልጠይቅ እሑድ ነው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር! የምትደውል ስልክ ነበረችኝ፤ በገዛ እጄ ሰጠኋት። የሚገባ ሲም ነበረኝ፤ በገዛ እጄ አስቆረጥኩት።

ነውሩን ረስቼ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። የይፋጉ ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። ገባሁ። ከኔም በኋላ «አንድ ሰው የቀረው!» ይላል። ስንቱ አንድ ሰው ገባ፣ አሁንም አንድ ሰው ቀረው። በስንት መከራ ተነሳን። ርብ ድልድይ ስንደርስ የከብት መንጋ አስፋልቱን ሞልቶ እያዘገመ ይሻገራል። የፎገራ ላም ደግሞ መኪና ጥሩንባ ሲነፋባት ቆማ ማመስገን ነው የሚቀራት። ስልኬን አውጥቼ አየሁት። ይፋግ በስተሰሜን መሆኗን በኮምፓሱ አረጋገጠልኝ።

ስደርስ ሽማግሌዎቼ በትራቸውን ተመርኩዘው ከግቢው ሲወጡ አየኋቸው። አልተቀመጡም፣ አልጠጡም። አያ ሞላ ባዩኝ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሁሉም ነገር መልካም ነበር አሉኝ። አባትየው «የልጁ የእናት አባት ማን ይባላሉ?» ብለው ሲጠይቁ፣ አያ ሞላ በኩራት ስልኩን አውጥተው፣ ቆዩ ከባለቤቱ አፍ ትሰማላችሁ ብለው፣ ድምፁን ከፍ አድርገው ደወሉ። ዝግ ነው። ደገሙ። ዝግ ነው። ቄሱ ይሞክሩት ብለው ሰጧቸው። የቄስ እጅም አልከፈተውም። ዘመድ አዝማድ በተሰበሰበበት፣ ሦስት ሽማግሌ ቆሞ፣ ዝግ! በመጨረሻ አባትየው ብድግ ብለው «ደጄ ላይ ሽማግሌ አቁሞ ስልኩን የሚዘጋ ሰው፣ ልጄን ወስዶ በር ቢዘጋባት ማን ይከፍትላታል?» አሉ። ነገሩ በዚሁ ቆመ።

እኔ አስፋልቱ ዳር ተቀመጥኩ። አለቀስኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? አለቀስኩ። ያን ጊዜ ከአያ ሞላ ኪስ አሮጌዋ ስልኬ ጮኸች። ባለቤታቸው ናቸው፣ ከጎረቤት ስልክ፤ ለካ አያ ሞላ ጠዋት ቁጥሩን ትተውላቸው ኖሯል። ወጡን ላሙቀው ወይስ ትቆያለህ ይላሉ። ድምፃቸው ጥርት ብሎ እስከኔ ይሰማል።

በማግስቱ አያ ሞላን ዳግም ላክኋቸው። ስልኩን የቆለፈው ባሕር ማዶ ያለ ድርጅት ነው ብለው አስረዱ። አባትየው በትዕግሥት ሰምተው «ለማመካኛስ ቢሆን እዚሁ ቅርብ የሚሆን ነገር አያገኝም ነበር?» አሉ አሉ። ደግሞም ረፍዷል። አንበሳሜ ያለ የእህል ነጋዴ ለልጁ ሽማግሌ ልኮ ኖሯል። የነሱ ሽማግሌ የልጁን ዘር እንደ ዳዊት ወረደው። አባትየው ቃል ሰጡ። የተሰጠ ቃል ደግሞ አይመለስም። ብርቱካን ለዝውውር አመለከተች፤ ሥራዋንም አንበሳሜ ወዳለችበት ወደ ደራ አዛወረች። እኔ ስንት ዓመት ስለምነው የኖርኩት ዝውውር ለሷ ወዲያው ተፈቀደላት።

መከራዬ ያለቀ መስሏችሁ ነበር? ሠርጉ ሲደርስ ታናሽ ወንድሟ ትምህርት ቤት ድረስ መጣ። ከባሕር ዳር ይመጣል የተባለው ፎቶ አንሺ ቀርቷል፤ የመምህሩ ስልክ ግን ጥሩ ያነሳል ተብሎ ይወራል። አውሰን አለኝ። ልጁ ያን እሑድ ሽማግሌ የላክሁት እኔ መሆኔን አያውቅም። እምቢ ብል ምን ሊባል ነው? ይህን የመሰለ ዕቃ ለሰው አይሰጥም ብዬ ራሴው ይዤው ሄድኩ። የሞኝ ነገር! ቀኑን ሙሉ «እስቲ ወደ ባልሽ ጠጋ በይ» ስል ዋልኩ። መቼም ስልኩን አላማውም፤ አሳምሮ አነሳት። የዐይኗ ሽፋል ሳይቀር ይቆጠራል። በስክሪኑ ጥግ «አገልግሎት የለም» የምትለዋ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ከቬሎዋ በላይ ተቀምጣ አብራኝ ዋለች።

አሮጌዋን ስልክ ለአያ ሞላ ትቼላቸው ነበርና፣ ከፋሲካ በኋላ የአክስቴ ልጅ በርዕሰ መምህሩ ስልክ ደውላ የምሥራች አለችኝ። ውሏ አልቋል፤ ድርጅቱ ስልኩን ፈቶታል። እልል በሉ! በቀድሞ ቁጥሬ አዲስ ሲም አውጥቼ ከተትኩ። ስልኩ ጥቂት አሰበና፣ ይህ የለመደው ነው፣ ተቀበለ። ኔትወርኩ ሞልቶ መጣ። እጄ ላይ እንደያዝኩት ጠራ። ጥሪው ሳይደገም አነሳሁት።

ብርቱካን ናት። የሠርጓ ፎቶ ታጥቦ ለአንበሳሜ መኪና እንዲሰጥላት ፈልጋ፣ እስቲ ከተከፈተ ብላ ሞክራው ነው። እሺ አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? ቀጥላም፣ ያን እሑድ ጓዳ ተደብቄ እኔም ስደውልልህ ነበር አለችኝ። «ምን አለ ያኔም እንዲህ ቶሎ ብታነሳው?»

ልመልስላት አፌን ስከፍት ካርዷ አለቀ። መልሼ እንዳልደውልላት የሰው ሚስት ናት። ስልኩ ግን አሁን የትም ይደውላል።