ክቡርነታቸውና አስተርጓሚያቸው

ሰው ምክር ቤት ሲገባ የአፍ መፍቻ ቋንቋው ይጠፋዋል እንዴ? የማውቀው አንድ ነጋዴ ጠፋበት። ሆሳዕና ላይ ቆርቆሮ ሲሸጥ ገበሬውን በሀዲይኛ እያቆላመጠ የዛገውን ሁሉ አዲስ ነው ብሎ ይሸጥ ነበር፤ የእኔ ጣራ ምስክር ነው። በዚያው ምላሱ ተመረጠ።

ባለፈው ክረምት መራጮቹን ሊያነጋግር ወደ ትውልድ ከተማው ሞርሲቶ መጣ፤ ያውም መምህር የሆነ አስተርጓሚ ይዞ! ገና ስብሰባው ሲከፈት፣ ከፊት የተቀመጡት እናቱ ተነሥተው በሀዲይኛ፣ «ልጄ፣ ከሳህብኝ፤ ምሳ በልተሃል?» አሉት። እሱ ግን ፊቱን ወደ አስተርጓሚው አዞረ። መምህሩ እየተሳቀቀ ተረጎመለት።

ክቡርነታቸውም ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እናታችን ያነሡት ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ለሚመለከተው አካል እናቀርባለን» አሉ።

እናትዬው ቀስ ብለው ወደ መድረኩ ወጡና አስተርጓሚውን እጁን ይዘው ምሳ ሊያበሉት ወደ ቤታቸው ወሰዱት።